የተከበሩ

ቱሉ ዲምቱ፣ ከከተማው ጫፍ፣ አስፋልቱ አቧራ በሚሆንበት፣
ብሎክ ሁለት መቶ አሥራ አራት፤
እሳቸው አራተኛ፣ እኔ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣
በመንግሥት ኪራይ።
ጎረቤት የሚያውቀኝ የመድን ሠራተኛ፣
ሲመሽ የማይወጣ፣ ሲነጋ የሚተኛ።

ሥራዬ ጆሮ ነው።
"ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው" ይላሉ፤
የኔ ጆሮስ ጭራሽ ሌላ ቤት ነው ያደረ፣
ከራሴ ላይ በቅሎ ለሰው የተቀጠረ።

የተከበሩ አቶ ወንድይራድ ጣሰው፣
ፓርቲያቸው ባለ አራት ወንበር፣ ከአራቱ አንዱ ሰው።
በፊደል ከሄድን ሩቅ አይደለም፣ ከ"ሩ" እስከ "ቡ"፤
አዳራሹ ውስጥ የተከበሩ፣ ቤታቸው የተከበቡ።

አዳራሹ ሦስት ደቂቃ ይሰፍርላቸዋል፤
ሁለተኛው ሳይሞላ ማይኩ ይዘጋል።
እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሰጠኋቸው፤
መስታወት ፊት ቆመው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣
"ክቡር አፈ ጉባኤ" ብለው ሦስቴ ሲጀምሩ፣
ሦስቴ ሲያፈርሱት፣ እንደገና ሲያምሩ።
እውነቱን ለመናገር፣
ሁለተኛው ይሻል ነበር።

ሌላስ ምን ሰማሁ?
የመንጋጋቸውን ሕመም፣ በስተግራ፤
የባንክ ዕዳ፤ የልጃቸውን የሒሳብ ፈተና፤
የፓርቲውን ጉባኤ፦ ሰባት ሰው፣ አምስት ወንበር፣
የቢሮውን ኪራይ ማን ይክፈል በሚል የሁለት ሰዓት ክርክር።

ጽፌ ላክሁ።
አለቃዬ ሰም አይወድም፤ ወርቁን ነው የሚሻው።
"ውሃ ጠፋ" ብለው ነበር፣ ማክሰኞ ማታ፣ በስልክ፤
"ውሃ" የምትለዋን በቀይ አክብቦ፣
"ኅብረ ቃሉን ፍታ" ሲል መለሰልኝ።
ውሃ ማን ነው? ከየት ጠፋ? ማን ደበቀው?
ቢጫው ጀሪካን የማን ምልክት ነው?
ቅኔ ቤት እንደገባ ተማሪ ቆጠርኩ አደርኩ፤
"ውሃ፦ ገንዘብ ሊሆን ይችላል" ብዬ ጻፍኩ።
እግዜር ይቅር ይበለኝ፣
ያችን "ሊሆን ይችላል" ስጽፍ ውሃ ጠምቶኝ ነበር፤
የከፈትኩት ቧንቧ ነፋስ ሲያፏጭብኝ።

ሐሙስ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ከሰባት፣
የአቃቂ ማዶ ጅቦች እንኳ ዝም ባሉበት፣
ከማዳመጫዬ አንድ ቃል ፈነዳ፦
"መጣ!"
ጻፍኩት። ማን እንደመጣ ሳላውቅ ጉልበቴ ከዳ።
ወዲያው ያው ድምፅ፣ አሁን ያለ ሽቦ፣ በገዛ በሬ ላይ፦
"ጎረቤት! ኧረ ተነሣ! ውሃ መጣ፣ አትሰማም ወይ?"

ከፈትኩ።
በካናቴራ ናቸው፣ አንድ ጉንጫቸው አብጦ፣
በሁለቱም እጃቸው ባዶ ጀሪካን ተንጠልጥሎ።
ፎቅ አይወጣም ውሃው፤ ቧንቧው ታች ነው፤
ብሎኩ በፒጃማ፣ በጋቢ፣ በአንድ እግር ጫማ ተሰልፏል፤
እትዬ ዘርትሁን በባትሪ ተራ ያስከብራሉ፦
"ባለሥልጣን የለም እዚህ! በመጣችሁበት!"

ተራዬ ከሳቸው ቀጥሎ ሆነ።
"ሌሊት ሌሊት ጮክ እላለሁ" አሉኝ፣ "ንግግር ስለማመድ፤
እንቅልፍ ነሥቼህ እንደሁ ይቅርታ፣ ወንድም።"
"ኧረ ምንም አልሰማሁም።"
"አንተም?" አሉና ሳቁ፣ ጉንጫቸውን ይዘው።

ጥርስ የታመመ ሰው ሸክም አይችልም፤ ተሸከምኩላቸው።
አራተኛ ፎቅ፣ ሳሎን፣ መስታወቱ ከነፍሬሙ፤
ከጀርባው ምን እንዳለ እኔ ነኝ የማውቀው፣ ሰቃዩ።
ፊቴን አየሁበት፣ ላብ ሲወርደው።
"ቁጭ በል" አሉኝ። አልተቀመጥኩም።

ሪፖርቴ አጭር ነበር፦
"ዘጠኝ ከሰባት። መጣ። ሰሙ ውሃ፤ ወርቁም ውሃ።"
መልስ እስካሁን የለም።

ከዚያ ወዲህ ሳስል እንኳ ትራስ እነክሳለሁ።
ሁለተኛ ፎቅ፣ ከእግሬ ሥር፣ አዲስ ተከራይ ገብቷል፤
ሲመሽ አይወጣም፤ ሲነጋ ይተኛል።
ትናንት ሌሊት ውሃ ሲመጣ አልተነሣም።
ወርጄ አንኳኳሁለት።